የአማቴ የስለት ጥላ

እኔ የምታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ መኪና ጠባብ ቦታ ላይ በማቆምና ወሬ ሰፊ ቦታ ላይ በመዝራት። የመጀመሪያው እንጀራዬ ነው፤ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሜ የእንግዳ መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ አደርጋለሁ። ለሁለተኛው ማንም አልቀጠረኝም፤ በነጻ ነው የማገለግለው። ዛሬ የማወጋችሁ ይኸው የነጻ አገልግሎቴ ያመጣብኝን ጣጣ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአማቴ ነው። አማቴ እትዬ በለጡ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር ባለችው አፓርታማችን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሲያዩዋቸው ደቃቃ ናቸው፤ ቤቱን ግን ይሞሉታል። እኔና ባለቤቴ ሰናይት ከተጋባን በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ አጥተን ነበር። እኛ እዚህ ከሐኪም ሐኪም ስንዞር እሳቸው አገር ቤት ሆነው ለማንም ሳይነግሩ ተሳሉ፤ «ልጄ ከወለደችልኝ ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ መቅደስ ድረስ በባዶ እግሬ ሄጄ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አስገባለሁ» ብለው። ሰናይት ወለደች። ልጅቷን ጸጋ አልናት። አማቴም ቃላቸውን አክብረው ጥላውን አሠሩት፤ ቀይ ከፋይ ሆኖ ዳር ዳሩን የወርቅ ዘርፍ የተንዠረገገበት።

መንገዱን ሳይጀምሩት ግን እኛ «አራሷን የሚያያት የለም፣ ድረሱልን» ብለን አስቸኮልናቸው። «ደርሼ ስመለስ አስገባዋለሁ» አሉና፣ ባዶ ቤት ሲቀር ብል እንዳይበላው ጥላውን በሻንጣ ይዘው መጡ። መጡና ብዙም ሳይቆዩ ኩላሊታቸው ደከመ። አሁን በየሁለት ቀኑ ደማቸውን የሚያጥብ ማሽን ላይ ይቀመጣሉ፤ ከማሽኑ ርቀው ረጅም መንገድ እንዳይሄዱ ሐኪሙ ከልክሏል። ጥላውም ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ቆመ ቀረ።

ያልገባ ስለት ቤት ውስጥ ካለ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጸጋ ስታስነጥስ በሌላው ቤት «ይማርሽ» ይባላል፤ በእኛ ቤት አማቴ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞር ብለው «ስለቴ ነው» ይላሉ። ልጅቷ ከብስክሌት ወድቃ እጇ ሲሰበር ስለቱ ነው። ሰናይትን ቶራንስ ከተማ ያለው የሥራ አለቃዋ ሲቆጣት ስለቱ ነው። የእኔ መኪና ጎማ ሲተነፍስ እንኳ ስለቱ ነው። አንዴ ጎማውን የወጋውን ምስማር ነቅዬ ባሳያቸው «ምስማሩንስ ማን እዚያ አስቀመጠው?» አሉኝ።

ነፍስ አባታቸው ብዙ ጊዜ ለምነዋቸዋል። «እናቴ፣ እግዚአብሔር እዚህም አለ፤ ለኛው ደብር ያስገቡትና ይረፉ» ይሏቸዋል። አማቴም በትሕትና ጎንበስ ብለው «አባቴ፣ እኔ የተሳልኩት ለድንጋይ ነው። የርስዎ ደብር ጂፕሰም ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከመገዛቱ በፊት የምንጣፍ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን በጣት ቢያንኳኩት እንደ ከበሮ ይመልሳል። ግን እሳቸው የሚሉት ለመኩራራት አልነበረም። ያመማቸው ዕለት «ስለቴን ሳላገባ ብሞት ለልጅቷ ማን ይቆምላታል?» ሲሉ በበሩ ስንጥቅ ሰምቻቸዋለሁ። የፈሩት ለራሳቸው አልነበረም፤ ለልጄ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ቀና ስል የመብራት ምሰሶው ላይ የተሰቀለ ባነር አየሁ። አንድ ትልቅ ገደል፤ ገደሉ ላይ የተፈለፈሉ በሮችና መስኮቶች። የሚቀጥለው ምሰሶ ላይ ደግሞ ዓይኑ ጎላ ጎላ ያለ፣ ከራሱ ዙሪያ የብርሃን አክሊል የተሳለለት ፊት። ከሥሩ የማውቀው የትልቁ ሙዚየም ዓርማ፣ ከዓርማው ሥር ደግሞ ጽሑፍ ነበረው። አላነበብኩትም። ድራይቭ እያደረጉ ማንበብ ክልክል ነው፤ እኔ ደግሞ ሲመቸኝ ሕግ አክባሪ ነኝ። ደግሞስ ምኑ ይነበባል? ድንጋይ ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ የሚሠራ፣ ግድግዳውንም ዓይናቸው ጎላ ጎላ ባለ ቅዱሳን የሚሞላ ከኛ ሌላ ማን አለ? ሌላው ዓለም እኮ ድንጋይ ከመሬት ቆፍሮ አውጥቶ እየደረደረ ነው የሚገነባው። እንዲህ ብዬ ራሴን አስረድቼ አረንጓዴው ሲበራ ነዳሁ።

ቀጥታ ቤቴ ብሄድ ነገሩ እዚያው በበረደ ነበር። ግን የምንሰበሰብበት ምግብ ቤት መንገዴ ላይ ነው። ስገባ ጋሼ ታፈሰ እንደ ልማዳቸው የጥጉን ጠረጴዛ ይዘዋል። ጋሼ ታፈሰ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ሁለቱ ሲደመሩ ምን እንደሚወጣ ገምቱ፤ መንገድም ሃይማኖትም ሳይጠየቁ ያሳያሉ።

«ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሎስ አንጀለስ ገብተዋል፤ ሙዚየም ውስጥ» አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

«እንዴ፣ ድንጋዩን እንዴት አድርገው አመጡት?» አለች አስተናጋጇ።

«በመርከብ ነዋ» አሉ ጋሼ ታፈሰ ሻያቸውን ሳያስቀምጡ። «የአክሱምን ሐውልት ጣልያን ጭኖት ሄዶ አልነበረ? ይሄማ ከሱ ይቀላል፤ ውስጡ ባዶ ነው።»

«ሳያስፈቅዱን?» አለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሰው።

እራት ሳይደርስ ምግብ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሊኮራ፣ ግማሹ «ቅርሳችን ይመለስ» ብሎ ፊርማ ሊያሰባስብ። እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ የሁለቱም ወገን ዋና ምስክር ሆንኩ። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላል ያገራችን ሰው፤ የእኔ ጎፈሬ በዚያን ሰዓት ተበጥሮ፣ ቅቤም ተቀብቶ ነበር።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ድንጋዩ ራሱ ነው የመጣው?»

«ራሱ ነው እማማ።»

«ከነሥዕሉ?»

«ከነሥዕሉ። በዓይኔ አየሁት።»

እጃቸውን ታጥበው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ቆይቼ ብሄድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጥላውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያለቅሳሉ። «እኔ መሄድ ቢያቅተኝ እሱ መጣልኝ» አሉ።

ሰናይት ግን ጠረጠረች። «ሹር ነህ ግን አንተ? ሰርች አድርገኸዋል?»

«አየሁት እያልኩሽ።»

«ኦኬ። ሶ እኔ ዌብሳይቱን ቼክ አደርጋለሁ» አለች። ቼክ ሳታደርግ ቅዳሜ ደረሰ፤ እሷም ሥራ ገባች፤ ጸጋን ጓደኛዋ ቤት አደረስናት።

ቅዳሜ አማቴ ማሽን የላቸውም። ጥበብ ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ነጠላቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ወግ አጣፉ፤ ጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ታቀፉ። ጋሼ ታፈሰም ሳይጠሩ መጡ፤ ነጭ ጋቢና መቋሚያ ይዘው፣ «አስረጂ ያስፈልጋችኋል» ብለው። ሙዚየሙ ኮረብታ ላይ ነው። መኪናውን ከሥር አቆምኩ፤ ከዚያ ትንሽ ባቡር ወደ ላይ ያወጣል። አማቴ ባቡሩን አዩ፤ ኮረብታውን አዩ።

«እኔ በእግሬ ነው የምወጣው» አሉ። «ስለተኛ እየተነዳ አይሄድም።»

ሐኪሙን ጠቀስኩ፤ ልጃቸውን ጠቀስኩ፤ ጋሼ ታፈሰ አረጋውያን ነጻ የሚሆኑበትን ሕግ ከየት እንዳመጡት እንጃ ጠቀሱ። በመጨረሻ ታረቅን፤ በባቡሩ ይወጣሉ፣ ግን በባዶ እግራቸው፣ ቆመው። ጫማቸውን አውልቀው አሸከሙኝና ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። አንዲት ፈረንጅ ወዲያው ተነሥታ ወንበሯን ሰጠቻቸው። አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። ባሏ ተነሣ፤ እምቢ አሉ። ከኋላ ያሉት ተነሡ፤ ለሁሉም ጎንበስ እያሉ እምቢ አሉ። እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል? ባቡሩ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ኮረብታውን ወጣ።

ላይ ስንደርስ ጥበቃው በጫማ ጉዳይ አልደራደር ስላለ አማቴ ተጫሙ። የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ በር ላይ ግድግዳውን የሞላ ሥዕል ተሰቅሏል። እግሩን አጥፎ፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ የተቀመጠ ሰው ነው። ቡድሃን የማያውቅ የለም፤ ሆቴላችን አጠገብ ያለው ማሳጅ ቤት መስኮቱ ላይ አለ። አሁን አነበብኩ። በቻይና በረሃ ዳር ያሉ ጥንታዊ የቡድሂስት ዋሻዎች ይላል።

ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። «ሰርች አደረግኩት» አለች። «ቡድሃ ነው እኮ፤ የቻይና ነው። እማዬን እዚያ ይዘህ እንዳትሄድ።»

«ደርሰናል።»

«ጥላውስ?»

«አብሮን ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ጋሼ ታፈሰን ወደ ጥግ ጎተትኳቸው። አማቴ ዓይናቸው ከሩቅ አይለይም፤ ራቅ ብለው ቆመው ጥላውን እንደ ሕፃን ይደባብሳሉ። «ደረስን?» ይሉኛል። «ደረስን እማማ» እላለሁ።

«ጋሼ፣ ልንገራቸው» አልኩ።

«አሁን? በዚህ ደስታቸው ላይ?» አሉ ጋሼ ታፈሰ። «ሌላ አገር እኮ አይሄዱም፤ የቀራቸው ይቺ ብቻ ናት። ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው። እኔ እያስረዳሁ አሳልፋቸዋለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ትዝ አለኝ፤ ያንን ልቅሶ ወደ ሌላ ልቅሶ የምለውጠው እኔ መሆን አልፈለግኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወደፊት መራኋቸው።

ሁለት እርምጃ እንደሄድን ሌላ ጥበቃ አስቆመን። ዣንጥላ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ዕቃ ማስቀመጫው ጋ ይሰጥ አለ። ዕቃ ማስቀመጫው ጋ የቆመችው ጠና ያለች ረጅም ሴት ናት። አማቴ ነጩን ጨርቅ ፈተው ጥላውን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። ሴትዮዋ ከፋዩንና የወርቅ ዘርፉን አየች፤ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። የሰው ሁሉ ዣንጥላ ከሚወረወርበት ቅርጫት ውስጥ አልከተተችውም፤ ለብቻው መደርደሪያ ላይ አጋደመችውና ቁጥር ያለበት ትንሽ የመዳብ ሳንቲም መሳይ ነገር ሰጠቻቸው።

«ተቀበሉኝ?» አሉ አማቴ።

«ተቀበሉዎት» አልኩ። ምን ልበል?

እልል አሉ። እልልታቸው ቀጭን ነው፤ ግን ዕብነ በረድ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለነው። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። ጥበቃው ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። ከሩቅ የነበሩ የትምህርት ቤት ልጆች አጨበጨቡ። አማቴ ማንንም አላዩም፤ መዳቡን ስመው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ዋሻው እንደ እውነተኛ ዋሻ ሆኖ የተሠራ ክፍል ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል። አማቴ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ መቃኑን በእጃቸው ዳሰው እጃቸውን ሳሙ። ጋሼ ታፈሰም አወለቁ፤ እኔም አወለቅኩ። ከኋላችን ያሉ ባልና ሚስት አዩን፤ ደንቡ መስሏቸው እነሱም አወለቁ። ከነሱ ኋላ ያሉትም እንዲሁ። አንዱ ጎረምሳ «ጫማ የሚቀመጠው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሙያ ሙያ ነውና ጫማዎቹን እየተቀበልኩ በመስመር፣ አፍንጫቸውን ወደ መውጫው አዙሬ ፓርክ አደረግኳቸው። ጥበቃው ሲመጣ ሥርዓቱ አምሮ ስላገኘው ምን ብሎ እንደሚቆጣ ጠፋበት።

ውስጥ ጋሼ ታፈሰ ሥራ ጀምረዋል። «ይሄኛው ጊዮርጊስ ነው» ይላሉ በሹክሹክታ።

«ፈረሱስ?» አሉ አማቴ።

«ፈረሱን ውጪ አሥሮ ነው የገባው።»

«እነዚህ በሰማይ የሚበሩትስ?»

«መላእክት ናቸው፤ ይኸው ይበሩ የለ?»

«ክንፍ የላቸውም።»

«ጥበብ የሸፈነው ነው እትዬ በለጡ፤ አዩት ጨርቁ ሲውለበለብ?»

አማቴ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አቆሙ። ግድግዳውን እየተጠጉ፣ ቀስ እያሉ ዙሪያውን ዞሩ። አንዴ ዞረው ሲጨርሱ እንደገና ጀመሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁ፤ ደክሟቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ሥዕሉን አይ ጀመር። ምን እላችኋለሁ፣ ያምር ነበር። ያንን ሁሉ ዓይን በጭለማ ውስጥ ተቀምጦ የሳለ ሰው ልቡ ሙሉ ሳይሆን አይቀርም። ባነር ላይ አይቼ የኛ ነው ብዬ ስቀማው አንዴም ስለዚያ ሰው አላሰብኩም ነበር።

አማቴ ከግድግዳው ግርጌ ቆመዋል። እዚያ ታች፣ ከትልልቆቹ ሥዕሎች ሥር፣ ትንንሽ ሰዎች በሰልፍ ተስለዋል፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ሕፃናት። ሁሉም አበባ ይዘዋል።

«እነዚህስ?» አሉ። ጋሼ ታፈሰን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት።

አጠገባችን አስጎብኚ ነበር፤ ጠየቅኩት። ዋሻው እንዲፈለፈልና እንዲሳል ያደረጉት ሰዎች ናቸው አለ። አንዱ ልጁ ታሞ፣ አንዱ ወንድሙ ሩቅ መንገድ ሄዶ፣ አንዷ ለሞተ አባቷ ብላ። ያሠሩትን አሠርተው ራሳቸውን ከሥር በትንሹ ያስሉ ነበር። ተረጎምኩላቸው።

«ስለተኞች ናቸው» አሉ አማቴ። እውነትም እኛም አገር ከሥዕለ ማርያም ግርጌ ተደፍቶ የሚሳል ባለ ስለት አለ።

አስጎብኚው ቀጠለ። ይህ ክፍል ቅጂ ነው አለ። ዋናው ዋሻ በረሃው ውስጥ ነው፤ የሰው ብዛትና ትንፋሽ ሥዕሉን ስለሚጎዳው፣ ሩቅ ያለም ሰው መሄድ ስለማይችል፣ ሠዓሊዎች ተቀምጠው መስመር በመስመር በእጃቸው ገልብጠው ሳሉት።

«ምን አለ?» አሉ አማቴ።

ውሸት አድካሚ ነገር ነው፤ በዚያ ሰዓት አዲስ መፍጠር አቃተኝ። «ድንጋዩ ራሱ አይደለም ይላል፤ ቅጂ ነው። መድረስ ለማይችል ሰው ብለው ነው የሠሩት» አልኩ።

አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ እጃቸው የነጠላቸውን ቋጠሮ ጨብጠዋል። ስለታቸው ስለ ደረሰ እያመሰገኑ ነው ብዬ አሰብኩ። እኚህን ሴትዮ እንዲህ ማታለሌ አሳፈረኝ፤ ግን አሁን ብናገር የሚያመሰግን አፋቸውን መዝጋት ሆነብኝ።

«በቃ እንሂድ፣ ደከመኝ» አሉ ዓይናቸውን ሲገልጡ።

ወጣን። አማቴን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ታፈሰ ክንዴን ቆንጠጥ ያደረጉኝ። «ጥላው» አሉኝ። «ስንወጣ ሊመልሱት ነው እኮ።»

የገባ ስለት ተመልሶ ከተሰጠ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ እግዚአብሔር አልቀበልም አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጸጋ ባስነጠሰች ቁጥር ቤታችን ምን እንደሚሆን አሰብኩ። «እማማ፣ አንዴ ሽንት ቤት ደርሰን እንምጣ» አልኩና ሁለታችንም ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሮጥን። ጋሼ ታፈሰ በመቋሚያ ይሮጣሉ።

ረጅሟ ሴትዮ ቁጥር ጠየቀችን።

«ቁጥር የለንም፤ ልንወስድ አይደለም የመጣነው» አልኳት። «እንድታስቀሪው ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ለሁልጊዜ።»

አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ መጣ። ስጦታ ከሆነ ጥያቄ ቀርቦ፣ ባለሙያዎች አይተውት፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ ነው አለ። ጋሼ ታፈሰ የእግዚአብሔር ዕቃ በኮሚቴ አይታይም አሉት በእንግሊዝኛቸው። ሰውዬው ግራ ተጋባ። እኔ መሀል ገብቼ፣ ብንረሳውስ፣ ዝም ብለን ረስተነው ብንሄድስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። የተረሳ ዕቃ ከጠፉ ዕቃዎች ጋር ይቀመጣል አለ። ጋሼ ታፈሰ ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። «እንግዲያው ረስተነዋል» አሉት።

ሴትዮዋ ግን እኛን አታይም። ከኋላችን ነው የምታየው። ዞር ስል አማቴ ናቸው፤ ጫማቸውን አላጠለቁም፤ የነጠላቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው እየፈቱ ነው። ቋጠሮው ተፈታ። መዳቡን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሴትዮዋ ጥላውን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ እንደ ተቀበለችው በሁለት እጇ መለሰችላቸው። አማቴ ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ተመስገን» አሉ። «ተመስገን፣ ተመስገን።»

እኔና ጋሼ ታፈሰ ተያየን።

«እማማ» አልኩ፣ «የገባ ስለት ተመልሶ…»

«መስቀሉ የት አለ?» አሉኝ።

ዝቅ ብዬ ወለሉ ላይ ያረፈውን ባዶ እግራቸውን አየሁ።

«ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ አንድ መስቀል አጣሁ። ያን ጊዜ የልጄን ልጅ ስለት ለማን ነው ያስረከብኩት አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ ልናገር? አንተ ደስ ብሎህ፣ ከሥራህ ቀርተህ አምጥተኸኛል። አቶ ታፈሰም እንዲያ ይለፋሉ። ጊዮርጊስ ፈረሱን ውጪ አሥሮ ገባ ሲሉ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ እንዳላሳፍራቸው ነጠላዬን ነከስኩ።»

ጋሼ ታፈሰ መቋሚያቸውን ይመረምሩ ጀመር።

እኛ ጥላው እንዳይመለስ ስንለምን እሳቸው እንዲመለስ ሲለምኑ ነበር ለካ። ሁላችንም አንዳችን ለአንዳችን እያዘንን። ወንበሩ ላይ መልሰን አስቀመጥናቸው፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩና ያለውን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ባነሩን እንዳየሁ፣ ጽሑፉን እንዳላነበብኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ደግሞ መቼ አንብበህ ታውቃለህ?» ቆጣ አላሉም። ጫማቸውን እያጠለቅኩላቸው ነበር። «ዓይኔን ስጨፍን ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ጥላዬን መልስልኝ፣ እዚሁ ባለው ደጅህ አስገባዋለሁ፤ ድንጋይ ነው ጂፕሰም ነው አልልም አልኩ። ያ አስጎብኚው ልጅ ቅጂ ነው ሲል ነው የገባኝ። መድረስ ላቃተው ሰው ብለው እነዚያ መስመር በመስመር ደክመዋል። የኛስ በየደብሩ ያለው ታቦት የዚያ የሙሴ ጽላት ምሳሌ አይደለም እንዴ? እግዜር መድረስ ላልቻለው ሁሉ ቅርብ ይሁንለት ብሎ ነው። እኔ ነኝ ድንጋይ ድንጋይ ስል ዓመቱን የፈጀሁት።»

«ደጃፉን ዳሰው መሳምዎትስ?» አሉ ጋሼ ታፈሰ ቀስ ብለው።

«ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ፤ ያሉኝን እቀበላለሁ። ጫማዬን ማውለቄን ግን አልናዘዝም። እነዚያ ታች የተሳሉት እናቶች ልጅ ታሞባቸው ነው የመጡት። የሰው ጭንቅ ያለበት ደጅ በጫማ አይገባም።»

ባቡሩ ሲወርድ አማቴ ተቀመጡ። ሌላው ሕዝብም ተቀመጠ።

ምግብ ቤት ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፤ ፊርማውም ቀረ። ለአንድ ሳምንት የተሳቀብኝን ሳቅ እዚህ አልዘረዝርም። ጋሼ ታፈሰ በበኩላቸው በቻይና ዋሻዎች ላይ ማብራሪያ መስጠት ጀምረዋል።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ አማቴ፣ ሰናይት፣ ጸጋና እኔ። በሩ አጠገብ ባዶ ቦታ አግኝቼ ላቆም ስል አማቴ ከለከሉኝ፤ ከፓርኪንጉ ጫፍ አቁም አሉኝ። በዚህ ሥራ ስኖር ራቅ አድርገህ አቁም ያለኝ እንግዳ የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ጫማቸውን መኪናው ውስጥ ትተው ፀሐይ በመታው አስፋልት ላይ ጥላውን ታቅፈው በባዶ እግራቸው ሄዱ። ላግዝ ብል እጄን መለሱ። እኛ ከኋላቸው ተከተልን፤ ሰናይት እጄን ያዘች።

ነፍስ አባታቸው ጥላውን ተቀበሉ፤ ድንጋይም ጂፕሰምም አላነሡ። ባርከው ለዲያቆኑ ሰጡት። ዲያቆኑ ከፈተው። ቀዩ ከፋይ ተዘረጋ፣ የወርቅ ዘርፉ ተርገፈገፈ፤ በዚያ የምንጣፍ መጋዘን ውስጥ እልልታው ጣሪያውን ነካ። ጥላው ግን ስንት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው የኖረው። ሲከፈት ያጠራቀመውን አቧራ ሁሉ አራገፈው፤ ከሥሩ የቆመችው ደግሞ ጸጋ ናት።

አስነጠሰች።

እኔና ሰናይት ሁለታችንም ደንግጠን ወደ አማቴ ዞርን፤ ከልማድ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ከጥላው አልነቀሉም። እጃቸውን ብቻ ዘርግተው የልጅቷን ራስ ዳሰስ አደረጉና፣

«ይማርሽ» አሉ።